አንድ ነገር ብቻ ነው የቀራት

ቁልፉ ለሦስተኛ ጊዜ ከቡሎኑ ላይ ሾልኮ ጣቱን ከብረቱ ጋር አላተመው። ሰዓት ሠሪው ከመኪናዋ ሥር በጀርባው እንደተኛ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ መጠጠው፤ ደሙም ዝገቱም አንድ ላይ ቀመሰው። ከዚያ ቁልፉን እንደገና አስገባና በሁለት እጁ ይዞ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ገፋው። ቡሎኑ ሲጢጥ ብሎ ተላቀቀ።

«ተጎዱ እንዴ ጋሼ?» አለች የመምህሩ ልጅ። ከተኛበት የሚታየው ጫማዋ ብቻ ነበር፤ ነርሶች የሚያደርጉት ነጭ ለስላሳ ጫማ።

«ደህና ነኝ ልጄ። ዘይቱን ላፈስ ነው። ያንን ሳፋ በእግርሽ ገፋ አድርጊልኝ።»

ሳፋውን ገፋችለት። ከካምቢዮው በታች አስተካክሎ አስቀመጠና ቡሎኑን በጣቱ ፈትቶ ጨረሰው። ዘይት አልወረደም። አንድ ጠብታ እንኳን የለም። ጥቂት ጠብቆ ትንሿን ጣቱን ወደ ቀዳዳው አስገባ፤ ስትወጣ ስስ ቅባት ብቻ ነክቷታል። ይሄን ያህል ዓመት ቆማ ቀስ በቀስ አንጠባጥባ ጨርሳው ይሆናል አለ ለራሱ። እያንጠባጠበች ኖራ ቢሆን ሲሚንቶው ላይ ጥቁር ምልክት መኖር ነበረበት። ሲሚንቶው ንጹሕ ነበር። ይህንንም አየ፤ አይቶም አለፈው።

ቀኑ ስምንት ሰዓት አልፏል። አሮጌ ብረት የሚሰበስቡት ሰዎች አሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ። መምህሩ ከሞተ አራት ወሩ ነው፤ ልጁ ቤቱን ሸጣለች፤ የገዛው ሰው ደግሞ ግቢውን ባዶ አድርጋችሁ አስረክቡኝ ብሏል። ትናንት ደውላ «መኪናዋን ነገ ሊወስዷት ነው። የሚጠቅምዎት ዕቃ ካለ ቀድመው መጥተው ይፍቱ» ስትለው ሰዓት ሠሪው ስልኩን ይዞ ከወንበሩ ብድግ አለ። ደስ አለው። በጓደኛው ሞት ላይ ደስ ስላለው አፈረ፤ ደስታው ግን ስላፈረ አልሄደለትም።

ምክንያት ነበረው። ከሦስት ሳምንት በፊት የራሱን መኪና ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ሊያስገባ ሲል ከሥሯ ጠጠር የሚያኝክ ሰው ድምፅ ሰማ። አስጎትቶ ቤቱ ወሰዳትና ካምቢዮዋን ከፈተ። የማርሾቹ ጥርስ ረግፏል፤ ማርሾቹን የተሸከመው ዘንግ ጎብጧል። የሠራት ፋብሪካ ከተዘጋ አርባ ዓመት አልፎታል። በከተማው ውስጥ የሷ ዓይነት ያለችው አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ይቺ የመምህሩ መኪና።

የተዋወቁትም በእነሱ ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት መስቀለኛ መንገድ ላይ ሁለት እህትማማች መኪኖች ፊት ለፊት ተገናኙ። ሁለቱም ሾፌሮች መንገዱ መሃል አቁመው ወረዱ። ከኋላ ያለው ሰው ጥሩምባውን እያስጮኸ ሲሳደብ እነሱ ሰላም እንኳን ሳይባባሉ አንዱ የሌላውን ኮፈን ከፍቶ አጎንብሶ ያይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ተለያይተው አያውቁም። ጥርስ ሐኪሙ፣ ልብስ ሰፊውና ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ተጨመሩና አምስት ሆኑ። ከከተማው ወጣ ብለው ሜዳው ላይ መኪኖቻቸውን በተርታ ያቆሙና ኮፈን ከፍተው ሞተር ለሞተር ሲተያዩ ይውላሉ። ሚስቶቻቸው «የዝገት ማኅበር» ይሏቸው ነበር። አሁን ማኅበሩ የለም። ጥርስ ሐኪሙ ሸጧል፣ የልብስ ሰፊው ዓይን ደክሟል፣ ፖስተኛው ልጁ ጋ ሄዶ ቀርቷል። ሰዓት ሠሪው ራሱ፣ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ከስልኩ ላይ ማየት ከጀመረ ወዲህ ሱቁን ዘግቷል። ጠዋት ሲነሳ እጁን የሚያሳርፍበት ነገር መኪናዋ ብቻ ነበረች።

ከሥሯ እየተንፏቀቀ ወጣና ጉልበቱን ይዞ ቆመ። የመምህሩ ልጅ ጋራዡ ውስጥ የነበረውን ዕቃ በሦስት ጆንያ እየለየች ነው። አንዱ የሚጣል፣ አንዱ የሚሰጥ፣ አንዱ የሚቀመጥ። የሚቀመጠው ባዶ ነበር።

«ይሄን ሬዲዮ ያዩታል?» አለች አንስታ እያሳየችው። «እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ጀርባው ክፍት ነው። ያ ወንበር ደግሞ ሦስት እግር ነው ያለው። አራተኛውን ሊሠራለት እንጨት ገዛ። እንጨቱም አለ፤ ወንበሩም አለ።»

ሰዓት ሠሪው ሳቀ። «አባትሽ መቸኮል አይወድም ነበር።»

«ጋሼ፣ አለመቸኮልና አለመጨረስ ይለያያል።» ሬዲዮውን የሚጣለው ጆንያ ውስጥ ከተተችው። «አባዬ የጨረሰውን አንድ ነገር ይንገሩኝ እስቲ። አንድ።»

የሚነግራት አጣ። የመኪናዋን በር ከፍቶ ወደ ውስጥ ሲያጎነብስ የወንበሮቹን ልብስ አየ። ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ ነው፤ ስፌቱ እንደ መስመር የቀና፣ አንድም ሰው ያልተቀመጠበት የሚመስል።

«እሱን እናቴ ናት የሰፋችው» አለች ከኋላው መጥታ። «ክረምቱን ሙሉ ስትሰፋ አስታውሳለሁ። እህቷ የምትኖረው የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ነው። አባዬ ‹መኪናዋ ስታልቅ ይዤሽ እሄዳለሁ› አላት። በአውቶቡስ ሂጂ ስንላት ‹ታዲያ ይሄን ሁሉ ልብስ ለማን ሰፋሁት?› ትል ነበር።»

«አልሄደችም?»

«በየት ትሄዳለች? ‹አንድ ነገር ብቻ ነው የቀራት› እያለ እሷ ሞተች። ይኸው ሰባት ዓመቷ። እሱም ሆስፒታል ተኝቶ፣ አፉ ላይ ኦክስጅን አድርጌለት፣ እየገፈተረ ምን ይለኛል መሰልዎት? ‹አንድ ነገር ብቻ ነው የቀራት።› ነርስ ነኝ፤ ብዙ ሰው ሲሞት አይቻለሁ። በመኪና ሰበብ የሚዋሽ ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁት።»

ሰዓት ሠሪው ከወለሉ ላይ ምንጣፉን አነሳ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል። የከተማው አሮጌ መኪና ወዳጅ ሁሉ ያውቃታል። መምህሩ መኪናዋን ለሙሉ እድሳት ብሎ የፈታታት የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ቀለሟን ቀባ፣ ሞተሯን አደሰ፣ መስታወቷን አስገባ፤ ከዚያ በኋላ ቆመች። በየቅዳሜው በሌላ ሰው መኪና ይመጣና «ያንተዋስ?» ሲሉት «አንድ ነገር ብቻ ነው የቀራት» ይላል። «መምህር የቀራት» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣለት ሰዓት ሠሪው ነበር። ጥርስ ሐኪሙ ሳቁ እስኪያፍነው ሲስቅ መምህሩም አብሮ ይስቅ ነበር። ሰዓት ሠሪው አንድ ቀን እንዲያውም ብሶበት «አንተ እኮ ስንፍናህን ነው በመኪና የሸፈንከው» ብሎታል። መምህሩ «ምን ላድርግ፣ እንደ አንተ እጄ አልፈጠነ» አለና በሰዓት ሠሪው መኪና፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን ተቀምጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከምንጣፉ ሥር ያለው የካምቢዮው ክዳን ስምንት ቡሎን አለው። የመጀመሪያው በቀላሉ ተፈታ። ሁለተኛውም። ከሥር ያለው እንደዚያ ዝጎ ሲያስቸግረው እነዚህ ግን በጣት ሊፈቱ ምንም አልቀራቸው፤ ሰው ከፍቶ፣ ቅባት ቀብቶ የዘጋቸው ቡሎኖች ነበሩ። እስከዚህ ድረስ ሰዓት ሠሪው ተስፋ ነበረው። እንዲያውም ክዳኑን ሲያነሳ ማርሾቹን በምን ጠቅልሎ እንደሚወስድ እያሰበ ነበር። ማልዶ ቢጀምር እስከ ሐሙስ ይገጥማቸዋል።

ውስጡ ባዶ ነው።

የእጅ ባትሪውን አበራ። ዘንግ የለም፣ ማርሽ የለም፣ ኩሽኔታ የለም። የብረቱ ግድግዳ በጨርቅ ተወልውሎ ዝገት እንዳይበላው በስሱ ቅባት ተቀብቷል። ሰርቆ የሄደ ሰው እንዲህ አይወለውልም። ብርሃኑን ወደ ጎን ሲያዞር ማርሾቹ ይቀመጡበት ከነበረው ቦታ አጠገብ ቀያይ ነጥቦች አየ። አንድ ቦታ አንድ፣ ሌላ ቦታ ሁለት፣ ወደ ኋላ ሦስት። የጥፍር ቀለም ነበር።

ያንን ቀይ ያውቀዋል።

የዛሬ አሥር ዓመት የራሱ መኪና ካምቢዮ ተሰብሮ ነበር። በዚያ ሰሞን ምግብ አልበላ ብሎት እንደነበር ሚስቱ እስካሁን ታስታውሰዋለች። በሁለተኛው ሳምንት መምህሩ አንድ ከባድ ነገር በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ሱቁ ድረስ መጣ።

«ከየት አገኘኸው?»

«ወደቡ አካባቢ መኪናው የተቃጠለበት ሰውዬ አለ። ብዙ አትጠይቀኝ፤ ሃሳቡን ሳይለውጥ ተቀብዬው ነው የሮጥኩት።»

ሰዓት ሠሪው ጋዜጣውን ሲገልጥ ማርሾቹ አብረቀረቁ። ላያቸው ላይ ቀያይ ነጥቦች ነበሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በቤንዚን አጠባቸው። የእሳት ሽታ አልነበራቸውም። ጥላሸት አልነበራቸውም። ዕድሜውን ሙሉ በማጉያ መነጽር የሰው ዓይን የማያየውን ጭረት ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ ያንን ግን አላየም። ወይም አይቶ፣ ቢጠይቅ የሚሰማው መልስ ማርሾቹን የሚያስመልሰው መስሎት ዝም አለ። የትኛው እንደሆነ አሁን ለራሱም መናገር አልቻለም።

ባትሪውን አጠፋና ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሰማያዊው ጨርቅ ላይ። አሥር ዓመት። በየቅዳሜው «ያንተዋስ?» እያለ የጠየቀው እሱ ነበር።

«ተገኘ?» የመምህሩ ልጅ በሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ መጣች። አንዱን በመስኮቱ አቀበለችው።

መዋሸት ይችል ነበር። ተሰባብሯል፣ አይሆንም ቢላት ኖሮ ሻይዋን ጠጥታ ወደ ጆንያዋ ትመለስ ነበር። እሱ ግን ቅድም «አንድ ይንገሩኝ» ስትለው መልስ ያጣበትን ጊዜ አሰበ። መልስ አገኘሁ ብሎ አሰበ።

«የለም» አላት። «ማርሾቹ የሉም። አባትሽ አውጥቷቸዋል።»

«የት አደረጋቸው?»

«ለእኔ ነው የሰጠኝ።»

አልገባትም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት። የእሱ መኪና እንደተሰበረች፣ ጋዜጣውን፣ ወደቡን፣ የተቃጠለውን መኪና፣ ቀያዮቹን ነጥቦች። ወደ ውስጥ አጎንብሳ እንድታይ ባትሪውን አበራላት። አየች። «የእማዬ የጥፍር ቀለም ነው» አለች ዝግ ብላ። ሰዓት ሠሪው ቅጽል ስሙን ያወጣለት ማን እንደሆነም ነገራት፤ መናገር ከጀመረ ሁሉንም መናገር እንዳለበት ተሰምቶት።

«ስለዚህ ልጄ፣ አባትሽ ሰነፍ አልነበረም። አልዋሸሽምም። እውነትም የቀራት አንድ ነገር ነበር።»

ልጅቷ ብርጭቆዋን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠች። ፊቷ ላይ እሱ የጠበቀው ነገር አልመጣም።

«መቼ ነበር ያሉኝ?»

«አሥር ዓመት ሊሆነው ነው።»

«አሥር ዓመት።» ቁጥሩን ከሌላ ቁጥር ጋር እንደምታስተያይ ያስታውቅ ነበር። «ታዲያ እናቴ በሕይወት ነበረቻ።»

ሰዓት ሠሪው ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ጨርቁን ሰፍታ ከጨረሰች በኋላ ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ጠብቃለች ጋሼ። በየበዓሉ ለእህቷ ስልክ እየደወለች ‹በሚቀጥለው እንመጣለን› ትላት ነበር። እሱም አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይሰማል። መኪናዋ የምትሄድበት ማርሽ እንደሌላት እያወቀ።»

«ይገኛል ብሎ ይሆናል። ሌላ ማርሽ እፈልጋለሁ ብሎ…»

«ፈልጎ ነበር?»

«አላውቅም።»

«እርስዎ በዚያን ጊዜ የት የት ሄዱባት? በመኪናዎ።»

የት ሄደ? ሜዳው ላይ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ላይ ሄዶ ኮፈን ከፍቶ ተመለሰ። አንድ ጊዜ ሠርግ አጅቧል። ሚስቱን ሐኪም ቤት አድርሷል፤ በታክሲም ይደረስ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ የነዳው የሌላ ሴት መንገድ ነበር።

«ለምን ነገሩኝ?» አለችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«አባቴ ሰነፍ ነበር ብለሽ እንዳትቀሪ ብዬ።»

«ሰነፍ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። «ሰነፍ ሰው ምን ይደረጋል? ተፈጥሮው ነው። ለእሱ ይቅርታ አድርጌለት ነበር። ለዚህኛው ግን አሁን ከየት አመጣለሁ?»

የራሷን ሻይ ሳትጠጣው መሬት ላይ ደፋችና ብርጭቆውን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ሰዓት ሠሪው ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማ፤ የወጥ ቤቱን ዕቃ መለየት ጀምራለች።

ሌላ የሚሠራው ስላጣ ክዳኑን ወደ ቦታው መለሰ። ቡሎኖቹን አስገባ፤ ስምንቱንም። ከሥር ያለውንም ተኝቶ ገጠመው። ሳፋውን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። ምንጣፉን አነጠፈ።

የብረት ሰብሳቢዎቹ መኪና አሥር ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ሁለት ሰዎች ናቸው። ሾፌሩ ወፍራም፣ ጓንት ያደረገ፤ ጓደኛው ደግሞ ማሽላ እንደሚበላ ወፍ ጭንቅላቱ የማያርፍ፣ ሁሉን የሚነካካ። በግቢው በር ወደ ኋላ ገቡና የብረት ገመዱን መኪናዋ አፍንጫ ሥር አሰሩት። ጎማዎቿ ንፋስ ስላልነበራቸው አልተሽከረከሩም፤ እንደተጎተቱ ሲሚንቶው ላይ ሁለት ጥቁር መስመር እያሰመሩ ሄዱ።

«ቀለሟ አዲስ ነው እኮ» አለ ሾፌሩ። «እንዲህ አሳምሮ ለብረት ማቅለጫ የሚሰጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ምን ሆና ነው?»

«ካምቢዮ የላትም» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ለካምቢዮ ብላችሁ ነው? ከሌላ ማስፈታት ነበራ።»

መኪናዋ የጭነት መኪናው መወጣጫ ላይ ስትደርስ የቀኙ በር ተከፍቶ ተወዛወዘ። ጓደኛው በእግሩ ገፍቶ ዘጋው። በመስኮቱ ውስጥ ሰማያዊው ወንበር ታየ፤ ከዚያ መኪናዋ ዘንበል ስትል መስታወቱ ላይ ሰማዩ ብቻ ቀረ። የመምህሩ ልጅ አልወጣችም። የሚፈርም ሰው ሲጠይቁ በመስኮት እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ተቀበለች፣ ፈርማም በዚያው መለሰችላቸው።

«ሌላ የሚወጣ አለ አባባ?» አለ ሾፌሩ ገመዱን እያጠበቀ። «መኪናው ሁለት ይችላል። ባዶውን ከሚሄድ።»

«እዚህ የለም።» ሰዓት ሠሪው ቁልፎቹን ከቦርሳው ጋር ሲያነሳ ትንሽ ቆመ። «እኔ ቤት አንዲት አለች። የዚቺው ዓይነት።»

«ትሄዳለች?»

«አትሄድም።»

«ጥሩ። ነገ ከሰዓት በዚያ ሰፈር እናልፋለን። አድራሻውን ይስጡኝና…»

«ነገ ከሆነ አልሰጥህም» አለ ሰዓት ሠሪው። «አሁን ከሆነ ውሰዳት።»

ሾፌሩ ቀና ብሎ አየው። የእጁን ደም፣ ልብሱ ላይ ያለውን ቅባት፣ ፊቱን አየ። «ቤት ያሉት ሰዎች ያውቃሉ አባባ? ኋላ ጭቅጭቅ አልወድም። ባለፈው አንዱ ልጁ ደርሶበት ከመንገድ ነው ያስመለሰን።»

«ባለቤቷ እኔ ነኝ። ወረቀቷም በእኔ ስም ነው።»

«እሺ። እርስዎ ካሉ።»

ሰዓት ሠሪው ወደ ቤቱ መስኮት ተመለከተ። መጋረጃው አልነበረም፤ ተነቅሎ ታጥፏል። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን በጋዜጣ ትጠቀልላለች። ልጠራት ይሆን አለና ተወው። የጭነት መኪናው ደረጃ ከፍ ያለ ስለነበር ጓደኛው በክንዱ ይዞ አወጣው። መሃል ላይ ተቀመጠ፤ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሞተሩ ተነሳ።

«በየት በኩል ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ከበሩ ስትወጣ ወደ ግራ» አለው።